ከጉልቻው የሚጀምር አዳራሽ
ስለ ኃይል ሙዚየም የውስጥ ዲዛይን ለከሚሴ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

  

 ትናንት ከአዲስ አበባ ተነሥቼ አመሻሽ ላይ ከሚሴ ስደርስ ሰፈሩ ጨልሞ ነበር። ያረፍኩበት ቤት ትንሹ ልጅ ሻማ በስኒ ላይ አቁሞ አመጣልኝና «ጋሼ፣ መብራት ሄዷል፤ አሁን ይመጣል» አለኝ። መብራትን እንደ እንግዳ ሄደ፣ መጣ ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። ሻማውን ተቀብዬ ተቀመጥኩና አሰብኩ። የጠፋው አምፖሉ ብቻ አይደለም። የሱቁ ማቀዝቀዣ ቆሟል፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ዝም ብሏል፣ የእኔም ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ነው። እኛ ግን ይህን ሁሉ የምንጠራው «መብራት» ብለን ነው። ድርጅቱም ስሙ ስንት ጊዜ ቢቀየር በሕዝቡ አፍ መብራት ኃይል ነው። በአፋን ኦሮሞም «ኢብሳ» ስትሉ መብራቱንም ኤሌክትሪኩንም በአንድ ቃል ትጠራላችሁ። የዚህች ከተማ ሁለቱም ቋንቋዎች በዚህ ተስማምተዋል።

በዚያው ሰዓት ግን ከጓዳው ጢስ ይወጣ ነበር። እዚያ የሄደም የመጣም ነገር የለም። እራቱ በጭራሮና በፍልጥ እየበሰለ ነው። የቤቱ እመቤት መብራት መጥፋቱን ያወቀችው የበሩ አምፖል ድርግም ሲል ነው እንጂ ድስቷ ከመፍላት አላቋረጠም። አገራችን ከምትጠቀመው ኃይል ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከአዝመራ ተረፈ ምርት እንደሚገኝ ባለሙያዎች ሲናገሩ የኖሩት ስለዚሁ ጓዳ ነው። «መብራት» የምንለው በቀሪው ውስጥ ያለ ነው።

ከሚሴ ላይ የኃይል ሙዚየም የለም። እኔ የመጣሁት ቢሠራ ውስጡ ምን መምሰል እንዳለበት ልናገር ነው፤ የምለውም አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ አዳራሽ ከተርባይን መጀመር የለበትም። ከጉልቻ መጀመር አለበት፤ ኃይልንም በዓይን ብቻ ሳይሆን በጀርባ፣ በእጅና በአፍንጫ ማስተማር አለበት።

የውስጥ ዲዛይን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መጋረጃ፣ ሶፋና የግድግዳ ቀለም ነው። በሙዚየም ውስጥ ግን ዲዛይነሩ የሚቀርጸው የእንግዳውን እርምጃ ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ምን ለማየት እንደሚያጎነብስ፣ ዓይኑ ከበሩ ሲገባ መጀመሪያ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚዳስስ፣ ሲደክመው የት እንደሚቀመጥ። ይህ ለማንኛውም ሙዚየም ከባድ ነው፤ ለኃይል ሙዚየም ደግሞ ይብሳል። ዘውድ፣ ብራና፣ የድንጋይ መሣሪያ፣ የሰው ዘር ቅሪት መስተዋት ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው ይመጣል፣ ያያል። ኪሎ ዋት ሰዓትን በየትኛው ሣጥን ታስቀምጡታላችሁ? ኃይል ራሱ አይታይም። የሚታየው የሠራው ሥራና የተወው ጠባሳ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደተወጡት ጥቂት ልንገራችሁ። በኢስታንቡል፣ ወርቃማው ቀንድ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ዳር፣ በፈረንጆች 1914 ሥራ የጀመረ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር፤ ሲላታራጋ ይባላል። ከተማዋን ሲያበራ ኖሮ በ1983 ተዘጋ። በ2007 ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ንድፍ አውጪዎቹ ማሽኖቹን አልነቀሉም፤ ተርባይኖቹን በነበሩበት ትተው ለእንግዳው በመካከላቸውና በላያቸው የሚሄድበት መንገድ ሠሩለት። እዚያ የሚያስደንቀኝ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ነው። ቆጣሪውና ማብሪያ ማጥፊያው በየቦታው ቆሞ ሲታይ፣ ሠራተኞቹ ለሻይ ወጣ ያሉ እንጂ ለዘለዓለም የሄዱ አይመስሉም። በሮማም ሞንቴማርቲኒ የተባለ በ1912 የተሠራ ማመንጫ አለ፤ ከ1997 ጀምሮ በግዙፎቹ ጥቁር የናፍጣ ሞተሮች መካከል የጥንት ሮማውያን ነጭ የእብነ በረድ ሐውልቶች ቆመውበታል። ዓይን ከብረቱ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ብረቱ ሲመላለስ ሁለቱንም ይበልጥ ያያል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መንገዱን የጠረገው ኦስካር ፎን ሚለር የተባለ ጀርመናዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነው። በ1891 ኤሌክትሪክ ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር ያህል በሽቦ ተጉዞ አምፖል ሲያበራ፣ ያን ትርኢት ከመሩት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1903 በሙኒክ ታላቁን የቴክኒክ ሙዚየም መሠረተ፤ እንግዳው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ፣ ማንሻ ጎትቶ ማሽኑን እንዲያንቀሳቅስ አደረገ። ሙዚየም «አትንኩ» በሚባልበት ዘመን «ንኩ» ያለ ሰው ነው። እኔ ከፈረንጆቹ የምወስደው ይህንን አንድ ቃል ነው፤ ቀሪውን ከዚሁ ከእኛው እናገኘዋለን።

ከእኛው ስል መጀመሪያ ማመንጫዎቻችንን ላንሣ። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው የሚያመነጨው። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሠርቷል። ቆቃ በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 43.2 ሜጋ ዋት ነው፤ የተሠራውም ጣሊያን በጦር ካሣ በከፈለው ገንዘብ ነው። የእናንተ የቦርከና ወንዝ መጨረሻው ያው አዋሽ ነው፤ ስለዚህ ቆቃ የዘመዳችሁ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በክልላችን ደግሞ ጢስ ዓባይ አለ። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ተነሣ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ተጨመረ፤ ውኃው ወደ ተርባይን ሲዞር ያ በጢሱና በነጎድጓዱ የታወቀ ፏፏቴ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ሳስቶ ቀረ። የኃይል ሙዚየም ይህንንም የመናገር ግዴታ አለበት። አንዱን ግድግዳ ሙሉ ለፏፏቴው ስጡት፤ በክረምት የተነሣውን ፎቶግራፍና በበጋ የተነሣውን ጎን ለጎን አድርጉ፤ ከሥሩ ዳቦ የሚጋግር ማሽን ወይም የሚሠራ የጨርቅ መሸመኛ አስቀምጡ። ያገኘነውና የከፈልነው በአንድ እይታ ይታይ።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን የሚያህል ነገር ከሚሴ ላይ እንዴት ታሳያላችሁ? ብዙ ሰው የሚያስበው የግድቡን ትንሽ ሞዴል ከጂፕሰም ሠርቶ በሰማያዊ ቀለም ውኃ መቀባት ነው። ይህን ሞዴል በየቢሮው መግቢያ አይተነዋል። እኔ የማስቀምጠው የግድቡን የቦንድ ወረቀት ነው። ከዚህ ከተማ፣ ከሰንበቴ፣ ከባቲ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ፣ ከደዌ ሐረዋ መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከገበያው፣ ተማሪው ከኪሱ ቆርሶ የገዛው ቦንድ በየሣጥኑ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ያ ወረቀት በአንድ ረጅም ግድግዳ ላይ ቢደረደር፣ ልጅ ከአባቱ ጋር ገብቶ «ይሄ የኛ ነው» ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ግድግዳ ይሆናል። ግድቡ ከዚህ ሩቅ ነው፤ ወረቀቱ ግን እዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጉልቻው ልግባ፤ የምቆየውም እዚህ ነው።

የአዳራሹ የመጀመሪያ ክፍል ጓዳ ይሁን። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ብርሃኑ ጥቂት፣ መሐሉ ላይ ሦስት ጉልቻ፤ በአፋን ኦሮሞ ሱንሱማ። እሳት አይነድበትም፤ አያስፈልግም። ከላዩ ግን ከእውነተኛ ማድቤት የወጣ የጣሪያ እንጨት ይሰቀል። እዚህ ያላችሁ እናቶች ያን እንጨት ታውቁታላችሁ። ከዓመታት ጢስ በኋላ ጥቀርሻው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ጣት ሲነካው መጀመሪያ ለስላሳ ነው፣ ቀጥሎ ይጣበቃል፣ ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይለቅም። ያ ጥቀርሻ የሣር ክዳኑን ከምስጥና ከነፍሳት ይጠብቃል፤ አያቶቻችን ይህን አውቀው ነው ጢሱን ያላባረሩት። ያው ጢስ ግን የሰው ሳንባ ውስጥም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። እንግዳው ያን እንጨት በጣቱ ይንካ፤ ቁጥሩን ከእንጨቱ አጠገብ ያንብብ። ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ከጉልቻው ቀጥሎ ሸክሙ ይምጣ። በብዙ ቦታ እንዳየሁት፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ከፕላስቲክ ወይም ከጂፕሰም ተሠርታ ጎንበስ ብላ ትቆማለች፤ ሰውም ከጎኗ ሆኖ ፎቶ ይነሣል። ይህን በምንም መንገድ አልቀበልም። እናቴ ከጨፋ ሜዳ ዳር ወደ ኮረብታው ወጥታ እንጨት ለቅማ ስትመለስ አሻንጉሊት አልነበረችም፤ ማንም እንዲያያትም አትፈልግም ነበር። ሸክሙን ያለ ሸካሚዋ አሳዩት። 20 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት በእውነተኛ ገመድ ታስሮ፣ ጎንበስ ያለ ጀርባ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ከጣሪያው ይንጠልጠል። የሚፈልግ ከሥሩ ይግባ፤ ጀርባውን ያስጠጋ፤ ቀስ ብሎ ይሸከመው። ለልጆች 5 ኪሎ የሆነ ሌላ ይኑር። ወለሉ ላይ መንገድ ይሣል፤ ዳገትና ቁልቁለት ይኑረው፤ ከዳሩ የማረፊያ ድንጋይ ይቀመጥ። ወንዶች ልጆች በተለይ ይሞክሩት።

እንግዳው ከሸክሙ ሲወጣ አንድ ሒሳብ ይጠብቀው። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል በውስጡ አለው። 20 ኪሎው 80 ይሆናል። በሦስት ጉልቻ ክፍት እሳት ላይ ግን ወደ ድስቱ የሚገባው ከአሥር አንድ እጅ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቀሪው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና የእናቲቱን ፊት ያሞቃል። ወደ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ተሸክማ የመጣችው ለአየሩ ነው ማለት ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የምትለው ተረት ለሹመት ተነግራ ይሆናል፤ ለማገዶ ግን አትሠራም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ላቀች የተባለችውም የከሰል ምድጃ እንዲሁ ከሰል ትቆጥባለች። ጉልቻውና ሁለቱ ምድጃዎች ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ከየፊታቸው ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ እንጨት ወይም ከሰል ይከመር። ክምሩ ትልቅና ትንሽ ሆኖ ሲታይ ያልተማረችውም እናት ከኢንጂነሩ እኩል ትፈርዳለች።

የዚህ ክፍል አንዱ ግድግዳ የኩበት ይሁን። ይህን ስል ፊቱን የሚያኮሳትር አለ፤ አውቃለሁ። ግን ጨፋን አስቡት። በበጋ ከአፋር ሜዳም ከየአቅጣጫውም ከብት ወደ ጨፋ ረግረግ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ከብት የሚተወው ኩበት ማገዶ ነው። ኩበት ተጠፍጥፎ ሲደርቅ የጠፈጠፈችው ሴት እጅ በላዩ ታትሞ ይቀራል፤ አምስቱም ጣት፣ አንዳንዴም የቀለበቷ ምልክት። እንዲህ ያሉ ኩበቶች በመደዳ ግድግዳ ላይ ቢሰለፉ፣ ብርሃን ከጎን ቢወርድባቸው፣ የእጅ አሻራው ጥላ ይጥላል። ከዚህ የበለጠ ውብ ግድግዳ እኔ በየትኛውም ሙዚየም አላየሁም። ከሥሩም ኩበት ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን እንደሚያጣ ይጻፍ።

ወፍጮና መጅም አይረሱ፤ የባቲ ሰኞ ገበያ ግመልም እንዲሁ። ጡንቻ ኃይል ነው። አንድ ሰው ወፍጮው ላይ ተንበርክኮ ግማሽ ኪሎ ማሽላ ይፍጭ፤ ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ የናፍጣ ወፍጮውን ድምፅ ይስማ።

አሁን ስለ ብርሃን። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። አንድ ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰጠው 1 ሉክስ ያህል ነው፤ ግማሽ ሜትር ቢጠጉት 4 ይሆናል፤ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ቢጠጉት 11 ገደማ። የሙዚየም ባለሙያዎች ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የተስማሙበት አንድ ልክ አላቸው፤ ያረጀ ጨርቅ፣ የቀለም ጽሑፍና የተነከረ ቆዳ እንዳይደበዝዝ ከ50 ሉክስ በላይ አይበራበትም። ይህን ያስተማሩኝ ቀን ማስታወሻዬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ለአሮጌ ጨርቅ እጅግ ደብዛዛ ተብሎ የተወሰነው ብርሃን እኔ ልጅ ሆኜ በኩራዝ ካጠናሁበት ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል እንድትኖር እለምናለሁ። በሩ ሲዘጋ ጨለማ ነው። ጠረጴዛ፣ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ፣ ከቆርቆሮና ከጠርሙስ የተሠራ ኩራዝ፤ በውስጡ ለደኅንነት ሲባል በነዳጅ ፈንታ የኩራዝን ያህል ብቻ የምታበራ ትንሽ አምፖል። እንግዳው ተቀምጦ አንድ ገጽ ያንብብ። ከዚያ ማብሪያውን ይጫን፤ 9 ዋት የምትበላ ኤልኢዲ አምፖል ትብራ። ያው ገጽ፣ ያው ዓይን ነው።

ያ ብርሃን ከየት እንደመጣ ለማሳየት ደግሞ ጀሪካን እጠቀማለሁ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ጤነኛ ሰው ብስክሌት እየነዳ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 100 ዋት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አንድ ምጣድ ለማጋል 35 ሰው መንዳት አለበት። በውኃ ስናስበው፣ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ፣ ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወርድ 13 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ያስፈልገዋል፤ ያውም በመንገድ የሚባክነው ሳይታሰብ። 13 ሜትር ኩብ ማለት 13,000 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ስናደርገው 650 ይሆናል። 650 ቢጫ ጀሪካን ከወለል እስከ ጣሪያ አንዱን የአዳራሽ ጫፍ ይሙላው፤ ከፊቱ አንዲት ምጣድ ከነአክንባሎዋ ትቀመጥ። ጀሪካን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም፤ ስለዚህ ግድግዳውን ለማንበብ ፊደል አያስፈልግም። ሜጋ ዋትን ለሕዝብ ማስረዳት ከተፈለገ መጀመሪያ ሕዝቡ በትከሻው በሚያውቀው ልክ መናገር ይገባል።

ስለ ሕንጻው ራሱም አንድ ነገር ልበል። የከሚሴን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። እዚህ ከላይ እስከ ታች መስተዋት የለበሰ ሕንጻ ሠርቶ፣ ውስጡን በኤር ኮንዲሽነር እያቀዘቀዙ ስለ ኃይል ቁጠባ ማስተማር አይቻልም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ይሁን፤ መስኮቱ ጠበብ ብሎ ጥላ ያለው ይሁን፤ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ከጣሪያው ሥር ይከፈት፤ ዙሪያውን በረንዳ ይኑር። የድንጋይ አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል፤ በግድግዳው ላይ ከገበያ የሚገዛ ሰሌን ቢለጠፍ ማሚቶውን ይውጠዋል፤ ቤቱም የእኛን ቤት ይመስላል። በጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ይተከል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ደግሞ እንደ ልማዳችን ከደረጃ ሥር አይደበቅ፤ መግቢያው ላይ በሰው ዓይን ቁመት ይሰቀል። አዳራሹ ዛሬ ምን ያህል እንደበላ፣ ከፀሐይ ምን ያህል እንዳገኘ ሁሉም እየገባ ይየው።

የቦስተን ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን በፈረንጆች 1916 ስለ ሙዚየም ድካም ጽፎ ነበር። አንድን ሰው በየሣጥኑ ፊት አቁሞ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ሰውየው ትንሽ ጽሑፍ ለማንበብ ይንበረከካል፣ ይጎብጣል፣ አንገቱን ይቀለብሳል። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛም አገር ያንኑ ስሕተት አይቻለሁ፤ በጠባብ ፊደል የተሞላ ሰሌዳ ከጉልበት በታች ተሰቅሎ። በዚህ አዳራሽ አንድ ጽሑፍ ከ60 ቃል አይብለጥ፤ መሐሉ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ላይ ይሁን፤ አማርኛውና አፋን ኦሮሞው በእኩል መጠን፣ በእኩል ክብር፣ ጎን ለጎን ይጻፍ። አንዱ በትልቅ ሌላው በትንሽ ፊደል ከተጻፈ ሰው የሚያነበው ጽሑፉን ሳይሆን መጠኑን ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችን ቁልፍ ሲጫኑ የሚናገር ድምፅ ይኑር፤ የሚናገረውም የዚሁ አካባቢ ሰው ይሁን፤ ጉልቻን ሱንሱማ፣ ማገዶን ቆራን፣ ምጣድን ኤሌ እያለ በራሱ ለዛ ይንገራቸው። ደረጃ ባለበት ሁሉ ተዳፋት መወጣጫ ይሠራ፤ አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ረዳት የሚወጣው። የውዱእ ቦታና የመስገጃ ክፍል ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ይግባ፤ ኋላ በመጋረጃ የሚከለል ጥግ አይሁን።

መቀመጫውስ? መቀመጫው የቡና ቦታ ይሁን። በወሎ ቡና ሳይፈላ ጨዋታ የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰው አይነሣም። በአዳራሹ መጨረሻ፣ ወደ ቦርከና ሜዳ በሚያሳየው በረንዳ ላይ፣ ረከቦቱ ይዘርጋ፤ አንዱ ጀበና በከሰል፣ ሌላው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ። እጣኑ ይጢስ። ሽማግሌዎች ዱዓ ያድርጉ፤ ልጆቹ ሸክሙን ማን እንደቻለው፣ ማን እንዳልቻለው ይከራከሩ። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም በዲጂታል ማሳያና በጉልላት ትርኢት የታወቀ ነው፤ ለአገር ክብር ነው፤ ልጆቻችሁን ላኩ፣ ይዩት። የከሚሴ አዳራሽ ግን ያን ለመምሰል መሞከር የለበትም። ስክሪን ሲበላሽ መለዋወጫ ይጠበቃል፤ መብራት ሲሄድም ይጠቁራል። ጉልቻ፣ ገመድ፣ ጀሪካንና ኩበት መብራት ቢሄድም ያስተምራሉ። የመጀመሪያውን ክፍል በአንድ ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ በጥቂት ወር መጀመር ይቻላል፤ የሕንጻ በጀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ማድቤታችሁን አፍርሳችሁ በቆርቆሮ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ያን ጥቀርሻ የለበሰ የጣሪያ እንጨት ለማገዶ አትፍለጡት። ኩራዙን አትጣሉ። የቦንዱን ወረቀት አይጥ እንዳይበላው ከሣጥን አውጡት። የወፍጮውን ድንጋይ ከደጃፍ አንሡት። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር በአንድ ብጣሽ ወረቀት ሦስት ነገር ጽፋችሁ እሰሩበት፤ ማን ይጠቀምበት እንደነበር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ እስከ መቼ። መጻፍ የማይችሉትን የሰፈር ተማሪዎች ይጻፉላቸው። እናታችሁ በሕይወት ካለች ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቋት፤ እንጨት ከየት ታመጣ ነበር? ስንት ሰዓት ይወስድባት ነበር? የትኛው ድንጋይ ላይ ነበር የምታርፈው?